ዊስቲን የሚያንኳኳው በር

በእኛ መንገድ የቤት ቁልፍ ከውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ውሎ ያድራል። ጎረቤት ሲመጣ ያዞረዋል፣ «ቤቶች!» ይልና ይገባል። በየበሩ በዓሣ ቅርጽ የተሠራ የነሐስ ማንኳኪያ አለ፤ እስኪያብረቀርቅ እንወለውለዋለን፣ የሚነካው ግን ፖስተኛውና ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። መንደራችን ናዱር እንዲህ ናት። ቁልፍ ከበር ላይ የሚነሳው ወይ ባለቤቱ ሲሞት ወይ ጠቅልሎ አውስትራሊያ ሲሄድ ነው፤ ለእኛ ለጎዞ ደሴት ሰዎች ደግሞ ሁለቱ ብዙም አይራራቁም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ዊስቲን ላወራችሁ ብዬ ነው። ዊስቲን ጂፕ አለው፣ ኮፍያ አለው፣ አፍ አለው። ጎብኚ ከመርከብ ሲወርድ ይቀበላል፣ ሲያዞር ይውላል፣ አመሻሽ ላይ መልሶ ያሳፍራል። በቀን ከአንድ ቤተሰብ በላይ አይዝም። «የእኔ እንግዳ እንደ በግ አውቶቡስ ውስጥ አይታጎርም» ይላል። ምሽጉን ያሳያል፣ የባሕር ውሃ ደርቆ ጨው የሚሆንባቸውን የድንጋይ ገበታዎች ያሳያል፣ ቀዩን አሸዋ ያሳያል። ባሕሩ ላይ የነበረው የድንጋይ ቅስት ከተናደ ወዲህ ደግሞ የሌለውን ቅስት ያሳያል። ባዶውን ሰማይ በጣቱ እየጠቆመ ሲተርከው አንዲት ሴትዮ አልቅሳለች አሉ። አያድርስ ነው፣ አፉ።

አክስቱ ቼንሳ የምትኖረው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። እኔና ቼንሳ በአንድ ቀን ክርስትና የተነሳን ነን፤ ስለ እሷ ሳወራ ሐሜት አይባልብኝም። በወጣትነቷ ሜልቦርን ሄዳ ብስኩት ፋብሪካ ገባች። አለቃ ሆነች፣ መኪና ገዛች፣ ፎቶዋን በኮፍያና በጓንት ላከችልን፤ በቅናት ገደለችን። ከዚያ እህቷ ዊስቲንን ወልዳ ሳትጠነክር ሞተች። አባትየው ልጁን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ ባሕሩን መረጠ። ቼንሳ ያላትን ሁሉ ትታ ተመለሰችና ሕፃኑን ታቀፈችው። አላገባችም። እንግሊዝኛዋንም ከሻንጣዋ ጋር ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወዲህ ስትናገረው የሰማ የለም።

ዊስቲን እንግዳ ወደ እሷ ቤት ማምጣት የጀመረው አንድ ዝናባማ ቀን ነው። እንግዶቹ ምንም ሳያዩ ሊመለሱ ሆነና ጨነቀው። ቁልፉን አዞረና አስገባቸው። ቼንሳ የበግ አይብ አቀረበች፣ ወይን ቀዳች፣ ዳንቴል የምትሠራበትን ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ክር የተጠቀለለባቸውን እንጨቶች እያንኳኳች ዳንቴል ሠራችላቸው። እንግዶቹ ከዚያ ሁሉ ምሽግና ገደል ይልቅ የወደዱት እሷን ሆነ። እሷም ደስ ብሏት ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ጠዋት ይደውልላታል፣ እሷም ጥቁር ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ፀጉሯን ትጠቀልላለች።

ቀስ በቀስ መደወሉን ተወ። ለምን ይደውላል፣ ቁልፉ በር ላይ ነው። ብቻውን መምጣቱንም ተወ። ያለ እንግዳ የዚያን ቤት ደፍ የረገጠበትን ቀን እኔም እሷም ረስተነዋል።

በዚህ መሃል የቼንሳ ጉልበት ከዳት። መታጠቢያ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃውም ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። «ዊስቲን፣ እዚህ ታች፣ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ሻወር ብታበጅልኝ» አለችው። ቧንቧ መዘርጋት ያውቃል፤ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ሥራው እሱ ነበር። «ቅዳሜ እመጣለሁ አክስቴ!» አላት። ቅዳሜ መጣ፣ ከእንግዳ ጋር። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንግዳ ነበረው። ቼንሳ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እንዲህ ያለች ናት፤ ከምትለምን ትሰበራለች።

ስለዚህ ሐሙስ ረፋድ ላይ ውሃ በድስት ታሞቃለች፣ ወጥ ቤቱ መሃል ሳፋ ታስቀምጣለች፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትታጠባለች። መንገዱ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ቁልፉን የሚነካ የለም። ቆልፋ ብትታጠብ ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። እኛ ጋ በቀን በር መቆለፍ ጎረቤትን ሌባ ብሎ እንደ መስደብ ነው፤ ለቼንሳ በሐሳቧም አልመጣላት።

ያን ሐሙስ ነፋሱ ትንንሾቹን የሽርሽር ጀልባዎች ስለከለከለ ዊስቲን ያሰበው ዙር ቀረበት። ሱቄ በር ላይ ብርቱካን ስደረድር ጂፑ መጥቶ ቆመ። ከአየርላንድ የመጡ ባልና ሚስት አወረደ።

«ዊስቲን!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆይ ሮዚ፣ ውሃ ኋላ ከአንቺ እንገዛለን!»

«አንተ፣ ሐሙስ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ነገ ደግሞ ዓርብ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ብርቱካኑን ጥዬ ስሮጥ ቁልፉን አዞረው።

የቼንሳ በር ሲከፈት እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ቀጥ ብሎ ይታያል። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ሳፋው ውስጥ ናቸው፣ ከወገቧ በላይ ራቁቷን ናት፣ ነጭ ፀጉሯ ጀርባዋ ላይ ተለቋል። ያንን ፀጉር ተፈትቶ ያየሁት ልጆች ሳለን ብቻ ነው።

ሰው ይሳሳታል። ደንግጦ በሩን ቢዘጋ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ዊስቲን ግን እንግዶቹ ፊት መሳሳት አልቻለም። ክው ብሎ ቆመና ያ አፉ ቀደመው። በእንግሊዝኛ፣ ቅስቱን በሚተርክበት ድምፅ፣ «እድለኞች ናችሁ» አለ። «የድሮው ኑሯችን ይኸውላችሁ። የእኛ አሮጊቶች ሻወር አይወዱም። እንደ እናቶቻቸው በሳፋ ካልታጠቡ የታጠቡ አይመስላቸውም።»

እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም፤ ይህን ግን ሰማሁት። ሰውየው ስልኩን ሊያነሳ ሲል ሚስቱ ክንዱን ይዛ አወረደችው።

ቼንሳ አልጮኸችም። ፎጣውን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ በዚያ ቁም ሳጥን አናት ላይ በተሰቀለው እንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ ለሴትየዋ «የእኔ እመቤት፣ በሩን ዝጊልኝ። ብርድ ይገባል» አለቻት።

ዊስቲንን አላየችውም። እዚያ የሌለ ያህል አለፈችው።

ሴትየዋ በሩን ዘጋችና ዞራ፣ «ማን ናቸው?» አለችው።

«አክስቴ ናት።»

«አክስትህ?» አለች። መርከቡ ጋ መልሰን አሉት፤ ቀኑ ገና ሳይጋመስ መለሳቸው።

ተመልሶ ሱቄ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ያልኩት ሁሉ ገባት እንዴ ሮዚ?»

«ደንቆሮ መሰለችህ?»

«እንግሊዝኛውን ማለቴ ነው… እስከ ዛሬ ተናግራ አታውቅም እኮ።»

«አንተን ለማሳደግ ጥላው የመጣችው አገር በምን ነበር የሚያወራው? በቻይንኛ?»

ኮፍያውን በእጁ ጨመደደ። አንጀቴ አልራራም፤ እውነቱን ልናገር፣ ብርቱካን ልወረውርበት ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን ከመንገዱ ማዶ የቼንሳ በር ተከፈተ፣ አንድ እጅ ወጣ፣ ቁልፉን ነቀለና ገባ። ሁለታችንም አየን። ዊስቲን ብርቱካን ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ታመሰ። ዳቦ አዟሪው ኮፍያውን አውልቆ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?» አለኝ። አንዷ ጎረቤት ጥቁር ለብሳ መጣች። «አልሞተችም!» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። «ታዲያ ቁልፉስ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? እኔም አፈርኩ። የዊስቲን ኃፍረት ለመንገዱ ሁሉ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቼንሳን ዓሣ አንኳኳሁ። የቅዳሴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ ከፈተችልኝና መልሳ ቆለፈች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ፤ ዊስቲን ነው። ጂፕ የለውም፤ የቧንቧ ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ነው የመጣው። ባዶውን የቁልፍ ቀዳዳ በጣቱ ይዳስሳል።

«ልሂድ» አልኳት።

«ቁጭ በይ» አለችኝና ከፈተችለት።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ከየት ነው የመጡት?»

«አክስቴ…»

«ነፋሱ አላስቸገረዎትም? ዛሬ ደሴቲቱ ላይ የእርስዎ አስጎብኚ እኔ ነኝ።»

በትሯን ተደግፋ ቀደመች። ተከተላት፤ ምን ያድርግ። መጀመሪያ ሳሎኑን አሳየችው። «ይህ ክፍል ለቄስ፣ ለሐኪምና ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ነው። እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ ይቀመጡ።» ልጅ ሳለ ያንን ወንበር በኳስ መትቶ በመጥረጊያ አባርራዋለች። አሁን ጫፉ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ በረዶ ደርቆ።

ቀጥሎ ትንሿን ክፍል ከፈተች። «ይህ አልጋ አንድ እናት የሌለው ልጅ ያደገበት ነው። ጨለማ ይፈራ ስለነበር አክስቱ ወንበር ላይ ሆና እጁን ይዛ ታድር ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ብዙ ቦታ ያውቃል።»

«በቃ አክስቴ፣ በእናትሽ።»

«ገና ነው ጌታዬ፣ ዋናውን አላዩትም።» ወጥ ቤት ገባች። ሳፋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በበትሯ ጠቆመችው። «እዚህ አንዲት አሮጊት ትታጠባለች። ሻወር አትወድም ይባላል። እዚህ ጥግ ላይ እንዲሠራላት ልጁን ለምናው ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏታል፣ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አልነገራትም። ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ?»

ዊስቲን ዕቃውን ጣለና ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ እኔ ዳቦውን እያየሁ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ስደቢኝ» አላት። «በጥፊ ምቺኝ። በዚያ በትር ምቺኝ። እንዲህ ብቻ አታናግሪኝ።»

«እንግዳ እንዴት ይመታል ጌታዬ?» አለች ቼንሳ። ድምጿ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ሻወሩን ሠራው። የቀጠራቸውን እንግዶች ሁሉ ሰረዘ። ግድግዳውን ቦረቦረ፣ የምትቀመጥበት ድንጋይ አበጀ፣ የምትይዘው ብረት ተከለ፣ እንዳትንሸራተት ወለሉን ሻካራ አደረገው። ሻይ የምትሰጠው በሳሎን ሲኒ ነበር። ሲጨርስ ውሃውን በእጇ ሞከረችና፣ «ሞቋል። እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ «እርስዎ» እየተባለ ይገባል፣ «እርስዎ» እየተባለ ይወጣል። እንግዶቹን በእኛ መንገድ ማሳለፍም ተወ። ዙሪያውን ይሄዳል።

ለቅዱስ ጴጥሮስና ለቅዱስ ጳውሎስ በዓል ባንዲራ ሲሰቀል አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቁልፉን በቼንሳ በር ላይ ተሰክቶ አየሁት። ዓይኔን ጠራረግሁ። አለ። ዳቦ አዟሪውም አየና አማተበ። ቅዳሜ ነበር፤ ዊስቲን እስኪመጣ ድረስ አንድ ደንበኛ በቅጡ አላስተናገድኩም።

መጣ። ቁልፉን አየው። እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። ከዚያ እጁን ወደ ዓሣው አነሳና አንኳኳ።

«ማነው?»

«ዊስቲን ነኝ።»

«ግባ እንጂ አንተ ደነዝ! ቁልፉ አይታይህም?»

አንተ አለችው! ከሱቄ ሆኜ አጨበጨብኩ። ዊስቲን ግን አልተነቃነቀም።

«አይቼዋለሁ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?»

«አንቺ ክፈቺልኝ።»

ከውስጥ የበትሯ ድምፅ ተሰማ፣ ቀስ እያለ። ከፈተችለት።

ያ ሁሉ አልፏል። ትሰድበዋለች፣ ትመግበዋለች፣ ጆሮውን ትቆነጥጣለች። ግን እስከ ዛሬ ያንኳኳል። «ይሄ ልጅ በዚህ ጉልበቴ በር ድረስ እያመላለሰ ሊገድለኝ ነው» ትለኛለች። «ይቅር ብላሃለች በይው፣ እባክሽ።» ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ትናንትም ሌሎቻችን ቁልፉን እያዞርን ስንገባና ስንወጣ እሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ቼንሳ እያጉረመረመች መጥታ እስክትከፍትለት ድረስ ጠበቀ።