ፋጤ በወባ አልሞተችም

እኅቴ ፋጤ በወባ ሞተች ብለው ጻፉ። ውሸት ነው። ከሥሩ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ አልችልም ነበራ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አምና ዶክተር ኢክራም ሱቄ መጥታ ያሳየችኝ ወረቀት ነው። ጅጅጋ ተወልዳ እዚህ ሐርጌሳ የልጆች ሐኪም ናት። የጭንቅላት ዕጢ የያዛቸውን ልጆች ከድሮ መዝገብ እየለቀመች ታጠናለች። ወረቀቱ ላይ በየዓመቱ የታመሙትን ልጆች ብዛት የሚያሳይ አንድ መስመር አለ፤ ከግራ መሬት ለመሬት ሄዶ ሄዶ፣ ወደ ቀኝ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል።

«በሽታው ከድሮ የበዛ ይመስላል፣ ጋሽ ሰይድ» አለች።

«ድሮ ማን ቆጠረና!» ብዬ ጮኽኩባት። ሻይዋ ፈሰሰ።

ሐርጌሳ የገባሁት ከተማውን ካፈረሰው ጦርነት በኋላ እንደገና ሲሠራ ነው። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ወላጆቻችን ኮምቦልቻ ሞተውብን፣ የስምንት ዓመቷን ፋጤን ይዤ በጭነት መኪና መጣሁ። ያኔ ጣሪያ ያለው ቤት ብርቅ ነው። ሰዉ ከስደት እየተመለሰ የገዛ ቤቱን ፍርስራሽ ይለቅማል፤ እኛ በዚያው ድንጋይ መልሰን እንገነባለታለን። የምንኖረው ከተማው ዳር በጨርቅና በቆርቆሮ በተወታተፈች ጎጆ ነበር። ጎረቤታችን ሀሊማ ጠዋት ጠዋት ለሆህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ትሰጠናለች። ዛሬም የሰሊጥ ዘይት ሲሸተኝ ፊቴን አዞራለሁ።

በበጋው፣ ነፋሱ አሸዋ በሚያስቅምበት ወር፣ ፋጤ በነጋ ቁጥር ማስመለስ ጀመረች። ካስመለሰች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ቁጭ ብላ ትበላለች። ራሴን፣ ራሴን ትላለች። አንዱ ቡዳ አለ፣ አንዱ ጅን አለ፣ ቁርኣን ተቀራባት። እኔ ግን ሌላ ነገር አይቻለሁ። የግንበኛ ረዳት ነኝ፤ የተጣመመ ነገር ዐይኔን አያልፈውም። ልጅቷ ስትቆም ወደ ግራ ታዘነብላለች። አንድ ቀን አቆምኳትና የግንብ ቀጥታ የምንለካበትን ቱንቢዬን ከአናቷ ላይ ለቀቅኩት።

«ግንብ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ዝም ብለሽ ቀጥ በይ።»

«ቀጥ ብያለሁ'ኮ፣ ሰይዶ!»

አላለችም። በተረከዞቿ መካከል መውረድ የነበረበት ክር ከእግሯ ውጭ ወረደ። በሳምንቱ ደግሜ ለካሁ፤ ብሶባታል።

አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጣቢያው ድንኳን ነው። ካርድ የሚጽፈው ሰውዬ ደሟን አስመረመረ። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ስለ ማዘንበሏ ነገርኩት፤ እንዲገባው ብዬ ቱንቢዬንም አወጣሁ።

«አንተ ሐኪም ነህ ግንበኛ?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። «ወባ ነው። ክኒኑን ስጣት።»

ሰጠኋት። ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ ሦስቴም ያው ክኒን። ዝናብ ገብቶ ደረቁ ወንዝ ሲሞላ ዐይኗ ጠፋ። «ዝናቡ ይሰማኛል፣ የታለ?» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ሞተች። ሰውዬው ካርዷ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ አውራ ጣቴን አስደረገኝና ሰጠኝ። ሀሊማ «አብሽር፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለችኝ። በአላህ ውሳኔ ምን አለኝ? የምከሰው ሰውዬውን ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ የእኛን፣ ቀጥሎ የፈረንጁን። የተማርኩት ያቺን ካርድ ለማንበብ ነው። ከላይ በአንድ ሰው እጅ፦ የደም ምርመራ፣ ወባ የለም። ከታች በሌላ ሰው እጅ፦ የሞት ምክንያት፣ ወባ። እዚያው አንድ ወረቀት ላይ! ስንት ቢሮ ዞርኩ። «የድሮ ነገር ነው፣ ተወው ሽማግሌው» ይሉኛል። ሽማግሌ ያደረጉኝስ እነሱ አይደሉ?

ሱቄ የመጣች ቀን ለኢክራም ካርዱን አውጥቼ ዘረጋሁላት። ደጋግማ አነበበችው።

«ዕጢ ነው ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«የጭንቅላት ፎቶ የለም። ያላየሁትን አልጽፍም።»

«ያ ሰውዬስ አይቶ ነው የጻፈው?»

«ታዲያ እንደሱ ልሁንልህ?»

በገንኩና ካርዱን መልሼ አጠፍኩት። ከዚያ ስለ ሕመምተኞቿ አጫወተችኝ። ብዙዎቹ ዛሬም የሚመጡት ከመሸባቸው በኋላ ነው፤ ይሞታሉ። አንዳንዶቹ ግን ውጭ አገር ሄደው፣ ኦፕራሲዮን ተደርገው ይመለሳሉ። አያሃ ሰፈር ያለች አንዲት ልጅ ጠባሳዋን በሻሽ ሸፍና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ተናደድኩ። ትኑር፣ ዕድሜ ይስጣት። ፋጤም ግን እንደሷው ታስመልስ ነበር፣ እንደሷው ታዘነብል ነበር።

ስለ መስመሩም ከተናገርኩት አልመለስም። ግራው በኩል መሬት የተኛው ልጆቹ ጤነኛ ስለነበሩ አይደለም። የኛን ልጆች በሌላ በሽታ ስም ቀብረዋቸው ነው። ኢክራም ይህን በጥናቷ አስገባችው። የጤና ጣቢያውን የድሮ መዝገብም አስከፍታ፣ ኃላፊውን አስፈርማ፣ ወባ የሚለውን ሰረዘችና «ምክንያቱ ያልታወቀ፤ የጭንቅላት ዕጢ የሚጠረጠር» ብላ ጻፈች። እኔ የፈለግኩት «የሚጠረጠር» የሚለው እንዲቀር ነበር። አልቀረም። የተጻፈው ሰኞ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ነው።