ከአሶሳ ያመጣኋት አንዲት ድምፅ

ሰኞ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ቆሜያለሁ። ትከሻዬ ላይ የጨርቅ ቦርሳ፣ እጄ ላይ የብረት ውሃ መያዣ፣ ፊቴ ላይ ዓለምን ለማዳን የተነሳ ሰው ኩራት። አሶሳ እዚህ ቁርስ በልቶ በአውሮፕላን ለምሳ የሚደረስባት ከተማ ናት። እኔ ግን በመርህ የማልበር ዳንሰኛ ነኝ። መርሁን የያዝኩት ባለፈው ወር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንግሪድ የምትባል ኖርዌያዊት የኮንቴምፖራሪ ዳንስ አቀናባሪ አለች። አንድ ቡድን ሙሉ ሰው በአውሮፕላን ጭነን አየሩን ከምንበክል፣ ጭፈራው ብቻ ይጓዝ ብለን ከእሷ ጋር ተስማማን። እኔ በየብስ አሶሳ ሄጄ የበርታዎችን የዋዛ ጭፈራ በአካሌ ተምሬ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በቪዲዮ ለእሷ ዳንሰኞች አስተምራለሁ። ማንም አይበርም። "ሻንጣው የአንተ አካል ነው" ብላኛለች። ቅዳሜ ያመጣሁትን አሳያታለሁ። ከወደደችው የዓመቱ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ካልወደደችው ወደ ሰርግ ቤት እስክስታ እመለሳለሁ። ጉልበቴ ደግሞ ሰርግ መቻል ካቆመ ቆይቷል።

ለመማር የመደብኩት አንድ ቀን ነው። ፈጣን ነኝ ብዬ።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ስንታየሁ ናቸው፤ አሶሳ የሚያስተምሩ የወሎ ሰው፣ የዚህ ጉዞ አስተናጋጄ። "ክልሉ አዲስ ሆኖ ሲመሠረት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር የሄድኩት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጸጉራቸው ሸብቷል።

"አውሮፕላን የተውኩት ለአየር ንብረቱ ስል ነው" አልኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ።

"ጎሽ! እኔም ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ተሳፍሬበት አላውቅም። ምክንያቴን ዛሬ ገና ነገርከኝ።"

ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። እስከ አምቦ ድረስ ስለ አየር ንብረት ድጋሚ አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ከነቀምት ወደ አሶሳ

ነቀምት አደርን። ጠዋት ወደ ዴዴሳ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አብሮን ተሳፈረ። የብረት ውሃ መያዣዬ ለሻይ የደረሰ ውሃ ይዞ ከንፈሬን ለበለበኝ። ግምቢ ላይ ሰው ሳያየኝ የፕላስቲክ ውሃ ገዝቼ በጨርቅ ቦርሳዬ ደበቅኩት። ጋሽ ስንታየሁ አይተዋል። "እኔንም አጠጣኝ እንጂ፣ አልናገርም" አሉ።

ከመንዲ ወዲያ አቧራው ቀይ ነው። ባምባሲ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ከመኪናው ስር ሆኖ፣

"ዳንሰኛው የታለ? ይኼ እስኪቀየር አንዴ ወዝወዝ በልልን!" አለ።

መንገዱ ዳር፣ ወለል ላይ መንከባለል ያለበትን ዘመናዊ ሥራዬን አሳየኋቸው። አንዲት እናት ደንግጠው ውሃ ይዘውልኝ መጡ። ያመመኝ መስሏቸው ነው።

ረቡዕ፣ በኩርሙክ መንገድ ከአሶሳ ወጣ ብሎ

አዝመራው ተሰብስቧል፤ ዋዛ የሚነፋበት ጊዜ ነው። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው፤ አንዳንዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የነፊዎቹ አለቃ አልማሂ ይባላሉ። ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በቀርከሃ ወንበር ላይ ከርከዴ ሲጠጡ አገኘናቸው።

"ከሁሉም ጎበዙን ስጡኝ" አልኳቸው። "እሱ ካስተማረኝ ይበቃኛል።"

"ያ አኺ፣ አንድ ሰው ምን ያደርጋል?" አሉኝ፣ አረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው። ግን እንግዳ ስለሆንኩ ጠሩልኝ። ሰውየው መጣ፣ ጥሩምባውን አነሳ፣ "ቱ" አደረገና አወረደው።

"ቀጥል" አልኩት።

"ጨረስኩ" አለኝ።

እያንዳንዱ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚመጣው ሁሉም ተሰልፈው እየዞሩ፣ እየረገጡ፣ ተራ በተራ ሲነፉ ነው። ይህን አዲስ አበባ ሆኜ አንድ ሰው ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። እኔ ግን የጠየቅኩት የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ብቻ ነው።

የአልማሂ ወንድም ለንግድ ኩርሙክ ሄዶ ኖሮ የእሱን ጥሩምባ ሰጡኝ። "የወንድሜ ቦታዋ እዚህ ናት። ቁም። ይሄ ሰውዬ ሲነፋ ታያለህ፣ ከዚያ ያንተ። ከዚያ ዝም።"

መንፋቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ዝም ማለቱ ነው። ተራዬ እስኪደርስ ዳሌዬን አወዛወዝኩ፣ ዞርኩ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ስዞርም ተራዬ አመለጠኝ፤ ዜማው መሃል ላይ የወለቀ ጥርስ የሚያህል ክፍተት ተፈጠረ። አልማሂ አልተቆጡም፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩኝ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ያዝኩት። መርገጥ፣ መጠበቅ፣ ቱ። መርገጥ፣ መጠበቅ፣ ቱ። ከእኔ ድምፅ በፊትና በኋላ ሰው አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን መብራት ስር ለመቆም ስለፋ ኖሬ፣ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ስሰናበት ጥሩምባውን ለቪዲዮው እንዲያውሱኝ ለመንኩ።

"አይሆንም" አሉ አልማሂ። "አንዷ ከሄደ ሌሎቹ ምን ያወራሉ?"

ሐሙስና ዓርብ፣ መንገድ

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ማጭበርበሪያ ቀመርኩ። "የዋዛ ሶሎ" አልኩት፤ ዝላይ አለው፣ መሬት ላይ መንከባለል አለው፣ መጨረሻው ላይ እንባ ቢጤ አለው። ኖርዌይ ውስጥ ማን ያውቅብኛል? ዴዴሳ ድልድይ ስንደርስ ሥራው አልቆ ነበር።

ቅዳሜ፣ ቤቴ

ኢንግሪድ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ ዳንሰኞቿ በካልሲ ተሰልፈዋል።

"በል፣ ሻንጣውን ክፈት" አለችኝ።

ለዝላዩ ተዘጋጀሁ። እግሬ ግን መርገጥ ጀመረ። እጄን ጨብጬ አፌ ላይ አደረግኩ። ቱ። ከዚያ ዝም ብዬ ቆምኩ።

"ኔትወርኩ ተቋረጠ? ምስልህ ቆሟል" አለች ኢንግሪድ።

"አልተቋረጠም። ሌሎቹን እየጠበቅኩ ነው።"

"የትኞቹን?"

"አሶሳ ናቸው።"

ከዳንሰኞቹ አንዷ እጇን አወጣች። "ቀጣዩ ድምፅ የትኛው ነው?"

"አላውቅም" አልኩ። "እኔ የማውቀው የእኔን ብቻ ነው።"

ኢንግሪድ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ በጣም በትህትና "እናስብበታለን" አለችኝ። ይህ ቃል በየትኛውም አገር ትርጉሙ አንድ ነው። የፊታችን እሑድ ሰርግ አለብኝ፤ ለጉልበቴ ፋሻ ገዝቻለሁ።

ስክሪኑ ጠፋ። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ረገጥኩ፣ ጠበቅኩ፤ አልማሂ፣ ጎበዙ ሰውዬ፣ ሁሉም በሐሳቤ በየተራቸው ነፍተው አለፉ። ተራዬ ሲደርስ ነፋሁ።