ያልደረቀው ጫካ

የእህቴ ባል ታፔላ ጻፊ ነበር። ሰፈሩ «ማስመሪያ» ይለዋል፤ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ቀጥ ያለ ስለሆነ። ዕድሜ ልኩን የዳቦ ቤትና የጋራዥ ስም ሲጽፍ ኖሮ በስተርጅና የዘይት ቀለም ሥዕል ካልተማርኩ ብሎ ሲነሳ ዘመድ ሁሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን አውቅ ነበርና።

እህቴን የዓይን ግፊት ይዟት ነበር። ሐኪሙ ጠብታው ያዘገየው እንደሆነ እንጂ የሄደው ብርሃን አይመለስም ብሏታል። ዙሪያው እየጠበበባት በቁልፍ ቀዳዳ የምታይ ያህል ሆነች። አንድ ቀን ማስመሪያ ጠብታ ሲያደርግላት፣ ከመጨለሙ በፊት ያደግሁበትን ጫካ አንዴ ባየሁት አለችው። አባታችን ደን ጠባቂ ስለነበር ቤታችን ከዛፎቹ ሥር ነበር። እኔ ታቅፌ ስለወጣሁ ምንም አላስታውስም። ጫካው ተመንጥሮ ካለቀ ቆይቷል፤ ፎቶ እንኳ የለንም። ማስመሪያ እንግዲህ ጫካውን ሊሥልላት፣ መልኩን እሷን እየጠየቀ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል መማር ጀመረ።

መምህርቷ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ናት። በትዕግሥት ብታስረዳውም እጁ እንቢ አለው። ቅጠሉን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ጠርዙን እየከረከመ፣ እንደ ፊደል ይጽፈዋል። እሷ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጥላውን በጅምላ እንዲያይ፣ ጨለማውን አስቀድሞ ብርሃኑን በመጨረሻ እንዲያኖር፣ የሩቁን ዛፍ ደብዘዝ አድርጎ ሰማያዊ ቢጤ እንዲቀባው ነገረችው። ስንት ሸራ አበላሽቶ፣ ቤቱን በቀለም ማቅጠኛው በተርባንታይን አግምቶ፣ በኋላ እጁ ተፈታ። ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ገብቼ ሥዕሉን ሳይ በግንዶቹ መሃል መሄድ አማረኝ። የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው፤ ሥዕሉ አልቋል፣ እህቴም ገና ታይ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዲህ አሳያት» አልኩት።

«አልደረቀም እኮ» አለኝ።

እሱ ያልደረቀ ሥራ ለደንበኛ አሳይቶ አያውቅም፤ በጨርቅ ይጋርደዋል። የታፔላ ቀለም ደግሞ አድሮ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን፣ ያውም እንዲያብረቀርቅለት የተልባ ዘይት ያለልክ ጨምሮበት፣ ወራት ቢጠብቁትም ጣት ላይ ይይዛል። መምህርቷ ሥዕል እርጥብም ቢሆን ይታያል ብላ ለመነችው። እኔም ጨቀጨቅሁት። ማስመሪያ ግን ማስመሪያ ነው፣ ወዴት ይታጠፋል? እህቴ ስትጠይቀው ትንሽ ታገሺ ይላታል፣ እሷም እሺ ትላለች። ያ እሺታዋ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቀለሙ ሳይደርቅ ያቺ የቀረቻት ቀዳዳም ተዘጋች። ጨርቁን የገለጠ ቀን እህቴ ፊቷን ያዞረችው ወደ መስኮቱ ነበር። ማስመሪያ እጇን ይዞ ሸራው ላይ አሳረፈው። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ግንዶቹ በጣት ይለያሉ፤ እያንዳንዱን ነገራት። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ትቀመጭበት የነበረው የወደቀው ግንድ ነዋ።»

«እዚህ አልነበረም» አለች በቀስታ። «በወዲያ በኩል፣ በራችን ፊት ለፊት ነበር። ያኔ ብታሳየኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

ማስመሪያ እጇን ከሸራው ላይ አነሳው። ብሩሹ አጠገቡ ነው፤ ግንዱን ማዛወር ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ግን ለማን ብሎ።