የአብዬ ድቤ

«ፋሪሃ ካርቱም ውስጥ ያላጠበችው ዓባይን ብቻ ነው» ይላሉ በምትኖርበት የዴም ሰፈር ያሉ ጓደኞቿ። እውነታቸውን ነው። ከወሎ የወጣችው በልጅነቷ ነው፤ አሁን ሽበት ጀማምሯታል፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የከተማው ሰፈር በአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ስታጸዳ ዓመታት አልፈዋል። አቧራ ካየች ግን ዛሬም እጇ አርፎ አይቀመጥም።

ሐኪሙ ሳሎኑ ውስጥ የእሷን ቁመት የሚያክሉ ሁለት ስፒከሮች አቁሟል። እንዲነኩበት አይፈልግም፤ እሷም ዙሪያቸውን ብቻ እያራገፈች ታልፋለች። አንድ ቀን ሻይ ይዛ ስትገባ ከበሮ ያለበት ዘፈን ከፍቶ ነበር። ድምፁ ከጆሮዋ በፊት ደረቷን ነካት፤ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ምን ነካሽ፣ ያ ፋሪሃ?» አላት በዓረብኛ።

«ምንም፣ ያ ዱክቱር» ብላ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ምንም ሳትሆን ቀርታ አይደለም፤ አባቷ ትዝ ብለዋት ነው። ሼህ ይመር በአገራቸው የታወቁ መንዙማ አውጪ ነበሩ። ድቤውንም ለሰው አይሰጡም፤ ግጥሙን እያወጡ ራሳቸው ይመቱታል። ፋሪሃ ሕፃን ሳለች ጀርባቸውን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ምቱ በአጥንታቸው በኩል አልፎ ከእሷ ደረት ይገባል። ሦስተኛውን ምት ሁልጊዜ ትንሽ ያዘገዩታል። «የሼህ ይመር ድቤ ቆም ብሎ ሳያስብ አይናገርም» እያለ አገሬው ይቀልድባቸው ነበር።

ያኔ ከሞቱ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። መርዶው እሷ ዘንድ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይቸኮልለትም። «አልታመሙም፣ እታለም። ደህና አምሽተው ንጋት ላይ አረፉ» አላት ታናሽ ወንድሟ ኑርሁሴን በስልክ። ለመጽናኛ ብሎም የመጨረሻ መውሊዳቸውን ላከላት፤ ከጅዳ የመጣ ዘመድ በደህና መቅጃ የቀዳው ነው። ስልኳ ላይ ስትከፍተው የአባቷ ድምፅ አለ፤ ጭብጨባውም አለ፤ ድቤው ግን በማንኪያ የሚመታ ጣሳ ይመስላል። ደጋግማ ሰማችው፤ ያው ጣሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ፋሪሃ ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የአብዬን እጅ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በደረቷ መስማት።

ከተከራየችበት ክፍል ማዶ ሻምበል የሚባል ጎንደሬ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ሻምበል ስሙ ነው እንጂ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ሙዚቃ ሲሰማ ማግባት የረሳ ሰው ነው ይሉታል። ሄዳ ሁሉንም፣ የሐኪሙን ስፒከር ሳይቀር ነገረችው።

«የሐኪሙን ዓይነት ፈለግሽ?»

«የሱን ዓይነትማ ከየት አባቴ አመጣለሁ፣ ጋሼ?»

«ድምፁን ነው ያልኩሽ፤ ዕቃው ለእንግዳ ማሳያ ነው። ሁለት አሮጌ ሰማዓት፣ ማለት ስፒከር፣ አንድ ጤነኛ ድምፅ ማጉያ አምፕም እናገኛለን፤ የቀረውን ራሱ ክፍልሽ ይሠራዋል። ኢንሻአላህ በይ።»

«ኢንሻአላህ፣ ጋሼ።»

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ሻምበል ሦስት የሞቱ አምፖችን ገነጣጥሎ አንድ የሚተነፍስ ሠራላት። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኛቸውን ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ደግሞ በረክሻ ባጃጅ ላከላትና «አምፑን ጁምዓ ይዤ እመጣለሁ» አላት። አትንኪያቸው ማለትን ረሳ። አቧራ የጠገበ ዕቃ ፋሪሃ እጅ ላይ ጥሎ መሄድ ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው። የፊቱን ጨርቅ ገልጣ ከውስጥ ያለውን ጥቁር ክብ ነገር በሳሙና ውሃ አሸችው። ወረቀት መሆኑን በምን ትወቅ? የሐኪሙን ገልጣ አይታ አታውቅም። አንደኛው እንደ ራሰ ቂጣ እጇ ላይ ተቀደደ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሻምበል ጁምዓ መጥቶ ሲያየው። «ስፒከር ታጥቦ ያውቃል?»

«ቆሽሾ ነበር፣ ጋሼ።»

«ቆሻሻው ይሻለው ነበር!»

ፋሪሃ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ለስፒከር እንደማይለቀስ ለሻምበል የገባው ያኔ ነው። «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ፤ ሬሳ አይደለም፣ ቁስል ነው» እያለ የተቀደደውን በስስ ወረቀትና በእንጨት ሙጫ ለጠፈላት። እስኪደርቅ ግን እንዳትቀርበው አስማላት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ክፍሏን አብረው ገለበጡት። ስፒከሮቹን ከመሬት አንስተው ጡብ ላይ አቆሟቸው። ፍራሿን ባዶው ግድግዳ ላይ አስደገፉት፤ የሚንቀጫቀጨውን የቆርቆሮ በር ጨርቅ ወተፉበት። ሻምበል አንዱን ስፒከር ትንሽ ወደ ውስጥ አዞረው፤ ራቅ ብሎ አየው፤ ተመልሶ እንደገና አዞረው። መብራት እስኪመጣ ከሰዓት ሆነ። «ያላ፣ ክፈቺው» አላት። ስልኳን ሰካች።

መጀመሪያ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆመው የሚያወጡ ይመስላሉ። ከዚያ ድቤው ገባ። ፋሪሃ ዞራ ጀርባዋን አንዱ ስፒከር ላይ አስደግፋ እንደ ልጅነቷ ተቀመጠች። ምቱ በእንጨቱ በኩል አልፎ ደረቷ ገባ። ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ፣ አብዬ አብዬ አለች።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ድገመው እስቲ።»

ደገመው። ሦስተኛው ምት አልዘገየም። ድቤው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይቸኩላል።

«ምነው? ተበላሸ?» አላት ሻምበል።

«አልተበላሸም። የአብዬ እጅ አይደለም።»

እዚያው ሆና ወንድሟ ዘንድ ደወለች።

«ኑርሁሴን፣ ድቤውን የመታው ማን ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ድቤው።»

«እኔ ነኝ፣ እታለም። ቀኝ ጎናቸው ከሞተ ቆይቶ ነበር።»

«በደወልኩ ቁጥር ደህና ናቸው ስትለኝ?»

«እሳቸው ናቸው ያስማሉን። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ አትንገሯት አሉ።»

«እመጣ ነበራ!» ብላ ጮኸች። «እመጣ ነበር፣ ኑርሁሴን! አገላብጣቸው ነበር! ማጠብ እንደሆነ ከኔ የተሻለ ማን ይችላል?»

ሻምበል ቀስ ብሎ ወጣ፤ በሩንም መለሰው። ፋሪሃ ብዙ አለቀሰች፤ ወንድሟም ስልኩን ሳይዘጋ አብሯት አለቀሰ። ሲበርድላት ጠየቀችው።

«አንተ ስትመታ እጃቸው የት ነበር?»

«ግራ እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። ምቱን በጉልበቴ ላይ ይነግሩኝ ነበር። ያችን ሦስተኛዋን ግን ማዘግየት አልቻልኩበትም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቅጂውን እንደገና ከፈተችው፤ ጀርባዋንም አስደገፈች። አሁን የምታዳምጠው ድቤውን አይደለም፤ ከድቤው ሥር ጉልበት ላይ የሚያርፍ የግራ እጅ ትፈልጋለች። ተቀባዮቹን ሰማች፤ ከወደ ኋላ የሚስል ሽማግሌ እንኳ ሰማች። እጁን ግን አላገኘችውም። ፋሪሃ መዳፏን በገዛ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመታ ጀመር፤ ሦስተኛውን ትንሽ እያዘገየች።