እሳት የሌለው ወጥ ቤት

እንጅባራ አዲስ በተከፈተው ምግብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ በዓይኔ የፈለግሁት ምድጃውን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሆቴል ወጥ ሠሪ ነኝ፤ አዲስ ወጥ ቤት ስገባ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። አጣሁት።

ባለቤቷ ሰናይት የዳንግላ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ስትኖር ጨጓራዋን ታማ፣ ያልበሰለ ምግብ በመብላት እንደዳነች ታምናለች።

"ጋሼ ስመኝ፣ እዚህ ቤት እሳት አይነድም" አለችኝ።

"ታዲያ እኔን ለምን ቀጠርሽኝ?"

"ምግብ እንዲሠሩ!" አለችና ቁም ሣጥን የመሰለ ማሽን አሳየችኝ። የምግብ ማድረቂያ ነው። ውስጡ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ ማራገቢያው ለብ ያለ አየር እየነፋ እርጥበቱን ያወጣል እንጂ አያበስልም። ምግብ አብሳይ ሆኜ ገብቼ፣ ረፋድ ላይ ምግብ አድራቂ ሆንኩ።

የምናደርቀው ኮኮናት ነበር፤ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ይመጣል። ከመናኸሪያ ያደረሰልን ባለባጃጅ ጆንያውን ከፍቶ አየና "ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ ፀጉር አለው" አለኝ።

ሙከራ ጀመርን። ኮኮናቱን ፈቅፍቄ፣ ከተልባና ከጨው ጋር አሽቼ፣ ትሪው ላይ እንደ ቂጣ አሰጣሁት። የመጀመሪያው መብራት ጠፍቶበት ሻገተ። የእንጅባራ ጭጋግ ልብስ እንኳ አያደርቅም። ሁለተኛውን አወፍሬው ኖሮ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ሆነ። ሦስተኛውን አሳሳሁት፤ ግማሹ ሲደርቅ ገለበጥኩት፤ ቀርጨጭ ቀርጨጭ የሚል ቂጣ ወጣልኝ። ሰናይት ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ በሆዴ ምጣድ ቢነካው ብዬ ተመኘሁ።

በር ላይ "ጥሬ ምግብ አለ" ብለን ጻፍን። ወዲያው ሦስት ጎልማሶች ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። "ከሻኛው ይሁንልን፤ ሚጥሚጣ እንዳትረሳ" አሉኝ። ያቀረብኩላቸው የኮኮናት ቂጣ በቲማቲም ነው። አንደኛው ቂጣውን ብድግ አድርጎ ከሥሩ ሥጋውን ፈለገ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰናይት ተስፋዋ ለመለመ። "ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፤ ጾሙ ለእኛ ነው የመጣው" አለች። እኔም ኮኮናት ፈጭቼ፣ በውሃ አሽቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ ነጭ መጠጥ አወጣሁ።

አያ ደሴ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ከቅዳሴ መልስ ገብተው አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ይሄ ወተት ነው!"

"ኮኮናት ነው አያ፤ የዛፍ ፍሬ ነው።"

"ዛፍ ታልቦ ያውቃል?" ብለው ወጡ።

በጾም ወተት የሚያጠጣ ቤት ተባልን። ሰው በበራችን ሲያልፍ እንኳ መንገድ ይሻገር ጀመር። ሰናይት ቤቱን ልትዘጋው ወሰነች። የእኔም ስም አብሮ ጠፋ፤ ስንት ዓመት የጾም ምግብ የሠራሁበት ከተማ ነው።

በማግስቱ ኮኮናትና መዶሻ ይዤ አያ ደሴ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ፊታቸው ሰበርኩት፤ ፈቀፈቅሁት፤ ውሃውን ከራሳቸው እንስራ ቀድቼ አጠለልኩት። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ነጩ ነገር ከጨርቁ ሲወርድ አማተቡ።

ቀመሱ። ደገሙ።

"እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያለ ነገሩ ስማችሁን አጥፍቻለሁ። ፍሬ ነው" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን ስመኝ፣ ትንሽ ቢፈላ አይሻልም?"

እሑድ የዕድሩን ሰዎች አስከትለው መጡ። ቤቱ አልተዘጋም። ሰናይትም ሰው ፊት ኮኮናት መስበር ተማረች።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሰው የማያውቀውን ምግብ ስታቀርቡ ከምን እንደተሠራ አስቀድማችሁ አሳዩት። በቃል ማስረዳት አይበቃም።