ሞገድ የሚለው ቃል

በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚላክበት ዘመን፣ የበኩር ልጄን ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ደብቄው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እየተማረ ለእረፍት የመጣ ነው። የአባቱ ወዳጅ የሆኑ አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ በገበያ ቀን ከአህዮቻቸው ጋር ቁልቁል ወደ ቆላ ሊወስዱልኝ ቃል ገብተዋል። እስከዚያ መስኮት አልከፍትም፤ ሲያስለው እንኳ ብርድ ልብሱን አፍህ ላይ አድርግ እለዋለሁ።

ቆርቆሮው ላይ ምስማር የለቀቀው ቀዳዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ስትመታ፣ ጥላው መሐል አንድ የታጠፈ ደማቅ መስመር ይወጣል።

«እማዬ፣ እይ» አለኝ። «ብርጭቆው ብርሃኑን አጥፎ አንድ ቦታ ሰበሰበው። ሰማይ ላይም ከባድ ነገር እንዲህ ያደርጋል፤ ከኋላው ያለው አንዱ ኮከብ ሁለት ሆኖ ይታያል። ኮከቡ እንዲህ ያለ መስመር ላይ ሲደርስ ሁለቱ ይቀራረቡና በጣም ይደምቃሉ። ካለፈ ግን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።»

«ቀስ ብለህ አውራ።»

«መስመሩ አጠገብ በሁለት መንገድ የመጣው ብርሃን ይገናኛል። አንዱ ቦታ ይደጋገፋል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋፋል። ብርሃን በብርሃን ላይ ተደምሮ ጨለማ!»

«ከሦስተኛ ክፍል ብቀርም መደመር አውቃለሁ እኮ።»

ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። «ሞገድ ስለሆነ ነዋ! ሞገድ ከሞገድ ሲገናኝ!» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። ጨለማ ያላቸውን መስመሮች ብርጭቆው ሥር ፈለግኋቸው። «እዚህ አይለዩም፤ ፀሐይ ሰፊ ናት፣ ይደባለቁባታል» አለኝ።

እኛ ሰፈር ያኔ ሞገድ ማለት ሬዲዮ ነው። አጭር ሞገድ ደግሞ መንግሥት የወንበዴ የሚለው፣ መስማቱ የሚያሳስረው ሬዲዮ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች በሩን ደበደቡ።

«እማማ፣ ሬዲዮኑን ያምጡ።»

«ሬዲዮ የለንም፣ ልጄ።»

«ሞገድ ሞገድ ሲባል በአጥር ተሰምቷል።»

አልጋውን ገለበጡት፣ የገብሱን ጆንያ ዘረገፉት። አንደኛው እኔን ገፍተር ሲያደርገኝ ልጄ ከጓዳ ወጣ። «የብርሃን ሞገድ ነው፤ ትምህርት ነው» አላቸው።

«ብርሃንም ጣቢያ ከፈተች?» አለ አንዱ። ተሳሳቁ። ሌላው ሳቁን ሳይጨርስ ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አንተ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» አለው።

ሬዲዮ አላገኙም። እሱን ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ነጋዴው መጥተው «ልጁስ?» ሲሉኝ የተዘረገፈውን ገብስ አሳየኋቸው።

መንግሥት ሲለወጥ የሌሎች ሰዎች ልጆች በደብረ ሲና በኩል በእግርም በጭነት መኪናም ተመለሱ። ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። አየሁት ያለኝ የለም። ቀዳዳውን ባለቤቴ ለክረምቱ ብሎ ደፈነው።

አሁን ቤታችን ሬዲዮ አለ። ባለቤቴ ጠዋት ሲከፍተው ተናጋሪው «በመካከለኛ ሞገድ፣ በአጭር ሞገድ» ብሎ ይጀምራል። ያቺ ቃል እስክታልፍ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ።