ካሜራው እያየ ያልነገረኝ ነገር

ዛሬ ጠዋት አባቴ ግቢ ውስጥ ወድቀው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲጣሩ ነበር። ካሜራው ሁሉንም ቀርጿል፤ ለእኔ ግን አንድም መልእክት አልላከም።

ጥፋቱ የራሴ ነው።

ካሜራውን የላከችው እህቴ ናት፤ እሷ ከጅዳ፣ እኔ እዚሁ መካነ ሰላም ከምሠራበት ፋርማሲ ሆነን አባታችንን እንድናያቸው ብላ። እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ስልኬ ላይ ይጮሃል። ዶሮዎቹ ውር ውር ባሉ ቁጥር ደንበኛ ፊት እየጮኸ አስቸገረኝ። (እስካሁን ያሳየኝ ሌባ የለም፤ ዶሮ ብቻ።)

ትናንት ታዲያ ማስጠንቀቂያው ለአጥሩ በር ብቻ እንዲሆን አደረግኩት።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። ስከፍተው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በሩን ገፍተው እየሮጡ ሲገቡ አየሁ። "ያ ረቢ! ጋሽ ሰይድ፣ ምን ሆነው ነው?" ሲሉ ሰማሁ።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። አባቴ የውሃ በርሜሉን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘውታል።

"አባ፣ ምነው ሳልሰማዎት?" አልኩ እያለቀስኩ።

"ካሜራው ይነግርሻል ብዬ እኮ ነው ወደ እሱ ስጣራ የቆየሁት" አሉኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል፤ ሌላው አልሃምዱሊላህ ደህና ነው። አሁን እጃቸው በጄሶ ታስሮላቸው ተኝተዋል።

ቀረጻውን ከፍቼ ነበር። ስሜን ሲጠሩ ስሰማ ዘጋሁት።

ማስጠንቀቂያውን መላው ግቢ ላይ መልሼዋለሁ። ወላጆቻችሁን በካሜራ የምትጠብቁ፣ እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? እንዴት አድርጋችሁ ነው ያስተካከላችሁት?